ጥያቄ፦ ዛንዚባር ላይ ያሳዩን ምድር ቤት እውነት የባሪያዎች ነበር? (ከነመልሶቹ)

ይህን ጥያቄ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ከእህቴ ጋር ዛንዚባር አምስት ቀን ከርመን በተመለስን ማግስት። ክሩ አሁን 43 መልስ ደርሷል። አዲስ የገቡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ አቃተን እያሉ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ጥሩ አድርጎ ሩቡ ስለ ጉዞና ስለ ሌላ ሌላ ወሬ ነው። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማንንም ጽሑፍ አልገለበጥኩም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄው። ስቶን ታውን በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ ምኩናዚኒ የሚባል ሰፈር አለ። የባሪያ ገበያው የነበረው እዚያ ነው። አሁን ቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ከጎኑ ካለው ሕንፃ ሥር ሁለት ክፍሎች አሉ። ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ነው፣ አየር የላቸውም፣ ግራና ቀኝ እንደኛ መደብ ያለ የድንጋይ መቀመጫ አላቸው። አስጎብኚያችን በአንዱ 75 ሴቶችና ሕፃናት፣ በሌላው 50 ወንዶች ገበያ እስኪወጡ በሰንሰለት ታስረው ይቆዩበት ነበር አለን። መሃል ለመሃል የሚሄደውን ቦይ አሳየንና፣ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው እየገባ ያጥበው ነበር ብሎ ጨመረ። እህቴ እዚያው አለቀሰች። እኔ ፎቶ አነሳሁ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ነገሩን ያረፍንበት ቤት ለሚሠራ ሰውዬ አነሳንበት። ሳቅ አለ። ሕንፃው የሚሲዮኖች ሆስፒታል ነበር፤ የተሠራውም ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ምድር ቤቱ ዕቃ ይቀመጥበት ነበር አለን። ሻያችንን ቀድቶልን ሄደ። እኔ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። አዲስ አበባ ስገባ እዚህ መጥቼ ጠየቅኩ፦ ተሸወድን ወይ? ከተሸወድንስ የእህቴ እንባ ምን ሊሆን ነው?

ቁጥር 1፣ ማለትም የመጀመሪያውን መልስ የጻፈችው፣ ጨዋ ልጅ ነች። እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ ብላ ጀመረች። ገበያው እዚያ እንደነበር ማንም ካልካደ፣ የትኛው ጓዳ ነበር የሚለው ብዙ አያጨቃጭቅም አለች። እንባውም በከንቱ አልፈሰሰም። ላይክ አደረግኩላትና ነገሩ አለቀ ብዬ ስልኬን ዘጋሁ።

ቁጥር 2 ላይ ጋሼ መጡ። ጋሼ የምንላቸው ዳሬሰላም ብዙ ዓመት የኖሩ መካኒክ ናቸው፤ ስለ ታንዛኒያ አንድ ነገር ከተነሳ ሳይጽፉ አያልፉም። የቁርሱ ሰውዬ አልዋሸም አሉ። ሕንፃው የሚሲዮኑ ሆስፒታል ነበር፤ በኋላ ቅድስት ሞኒካ የሚባል የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ክፍሎቹ ከገበያው ዘመን በኋላ የመጡ ናቸው ብለው የሚከራከሩ የታሪክ ባለሙያዎችም አሉ። ከዚያ ጋሼ ጥርጥር የሌለበትን ለይተው አስቀመጡ። ጁን 5 ቀን 1873 ሱልጣን ባርጋሽ በባሕር የሚደረገውን የባሪያ ንግድ የሚከለክለውንና ገበያዎቹን የሚዘጋውን ውል ፈረሙ። ወደው አይደለም። የእንግሊዙ ቆንስል ጆን ከርክ፣ እምቢ ካሉ ደሴቲቱ በጦር መርከብ ትከበባለች የሚል ማስፈራሪያ ይዞ ነው የቀረበው። በዚያው ዓመት በፈረንጆች ገና ዕለት የካቴድራሉ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ያሠሩት ጳጳስ ኤድዋርድ ስቲር በ1882 ሲሞቱ እዚያው ከመንበሩ ጀርባ ተቀበሩ። መንበሩ ፊት ወለሉ ላይ ያለው ክብ ነጭ እብነ በረድ ባሪያ የሚገረፍበት ግንድ የነበረበትን ቦታ ያመለክታል ይባላል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዛፍ ነው፤ ምኩናዚ የኛ የቁርቁራ ዘመድ ነው።

ጋሼ «ይባላል» የምትለዋን ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የጻፏት። አስጎብኚያችን አንዴም አላላትም ነበር።

ቁጥር 3 ሙሽራ ነው። ጫጉላውን ዛንዚባር አሳልፎ፣ ለዚያ ምድር ቤት ለሁለት ሰው ከፍሎ ገብቶ ኖሯል። ገንዘቤን ማን ይመልስልኝ አለ፤ ከሦስት የሳቅ ምልክት ጋር። ቁጥር 4 ምራቋን ዋጥ አላደረገችም። ሰው እንደ ከብት ጥርሱ እየታየ ስለተሸጠበት ቦታ እየተወራ አንተ ስለ ትኬት ታወራለህ ብላ አጠበችው። ቁጥር 5 ራሱ ሙሽራው ነው፤ ይቅርታ ጠየቀ። ቀልዱን ግን አልሰረዘውም።

ከ6 እስከ 9 ያለው ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን አለ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለደሴቲቱ የግድ የሚገዛ 44 ዶላር ኢንሹራንስ አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ ከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን እንደሚገባ አስታወሰች፤ የሰው አገር ነው፣ ሕዝቡም ሙስሊም ነው። ልክ ነች። አብረውን የነበሩ ቱሪስቶች በዋና ልብስ መስጊድ በር ላይ ሲያልፉ አይቼ እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ቁጥር 10 ላይ ክሩ ዞረ። የጻፈው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ እንደ አስተማሪም ነው የሚጽፈው። ጥያቄህ ጠባብ ነው አለኝ። ደሴቲቱ ባሪያ የሚያልፍባት በር ብቻ አልነበረችም። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ቢን ሱልጣን በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ መቀመጫውን ከማስቀት ወደ ዛንዚባር ሲያዞር የቅርንፉድ እርሻ እየተስፋፋ ነበር። ቅርንፉድ እንቡጡ ሳይፈካ በእጅ ነው የሚለቀመው፤ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ያን ጉልበት ያመጡት ከማላዊ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከዛሬዋ ታንዛኒያ መሃል፣ ከኮንጎ ምሥራቅ በእግሩ እስከ ባሕር ከተነዳ ሕዝብ ነው። ከተማው ውስጥም ውሃ የሚቀዳው፣ ድንጋይ የሚሸከመው፣ ሕፃን የሚያጠባው ባሪያ ነበር። እና አንተ፣ አለኝ፣ ባርነቱን በሁለት ጓዳ ልትወስነው ትፈልጋለህ። ያ የምታደንቀው የስቶን ታውን የተቀረጸ በርስ? የቅመም ጉብኝቱስ?

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። የቅመም ጉብኝቱን ሄደናል። ቅርንፉድ አሸተትን፣ ቀረፋ ቀመስን። ልጆች ከዘንባባ ቅጠል ባርኔጣና ክራባት ሠርተው አለበሱን፤ እኔና እህቴ እየሳቅን ፎቶ ተነሳን። እዚያ ማንም አላለቀሰም። ማንም ስለ ባሪያ አንድ ቃል አላነሳም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዚህ ሁሉ መልስ እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ይሄ ነው።

አስተማሪው አላበቃም። የ1873ቱ ውል ገበያውን ዘጋ እንጂ ባርነቱን አላጠፋም። ከስቶን ታውን ወደ ሰሜን ማንጋፕዋኒ የሚባለው ቦታ ባሕር ዳር ያለው የመሬት ውስጥ ክፍል ከክልከላው በኋላ ሰዎች በድብቅ የሚያዙበት እንደነበር ይነገራል። ባርነት በደሴቲቱ ሕጋዊ መሆኑ የቀረው በ1897 ነው፤ ነፃ መውጣት የፈለገም ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ ማመልከት ነበረበት። ካሣው የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው። ዕቁባቶች ደግሞ እስከ 1909 ድረስ ከአዋጁ ውጪ ቆዩ።

ቁጥር 11 ይህን ሁሉ አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ነው የወሰደው፦ አረቦች ናቸው ያደረጉት። በዚህች አገላለጽ አይደለም ያለው፤ የሱን ልተወው። ቁጥር 12 በትህትና አረመችው። የዋናው መሬት ነጋዴዎችና አለቆች ከውስጥ ሰው ይሸጡ ነበር፤ ለቅፍለቱ ገንዘብ የሚያበድሩት የሕንድ ነጋዴዎች ነበሩ። ፈረንሳዮችም ለሞሪሸስና ለሬዩኒዮን የሸንኮራ እርሻ ከዚሁ ባሕር ዳር ነው የሚገዙት፤ በ1776 አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ እዚያው ባሕር ዳር ካለችው ከኪልዋ ሱልጣን ጋር በዓመት 1,000 ሰው ለመውሰድ ተዋውሏል። አሜሪካ በ1837 ዛንዚባር ላይ ቆንስል ነበራት፤ መርከቦቿ ጥጥ ጨርቅ አምጥተው የዝሆን ጥርስ ይወስዱ ነበር። ጨርቁ በስዋሂሊ እስከ ዛሬ ስሙ መሪካኒ ነው። የዝሆን ጥርሱ ኮኔቲከት ሄዶ የፒያኖ ቁልፍ ሆነ።

ቁጥር 13 መሪካኒ ማለት የኛ አቡጀዲ መሆኑ ነው ብላ ተደሰተች። አያቷ የአቡጀዲ ቀሚስ ለብሳ ነው የተዳረችው። ከዚያ ሦስት ሰው ስለ አቡጀዲ ዋጋ፣ ስለ መነንና ስለ ሸማ ሲያወራ ዋለ። አልቆጣም፤ የኔ ክር ስለሆነ ሳይሆን ደስ ይል ነበር።

ቁጥር 17 ኦማን ማስቀት ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራች ሴት ናት። ከዚህ በፊት ጽፋ አታውቅም። አሠሪዋ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ የባለቤትየው እናት። ከልጆቻቸው ጋር አረብኛ ያወራሉ። ለብቻቸው ሲሆኑና ሲናደዱ ግን በሌላ ቋንቋ ነው። ስዋሂሊ መሆኑን ያወቀችው ከጎረቤት ኬንያዊት ነው። አሮጊቷ ዛንዚባር ነው የተወለዱት። በጃንዋሪ 1964 አብዮቱ ሲነሳና ሱልጣኑ ሲገለበጡ፣ አረቦችና ሕንዶች ሲገደሉ፣ በልጅነታቸው ሸሽተው ወጡ። ሁልጊዜ ሩዝ ላይ ቅርንፉድ ያበዛሉ። የአባቴ ቅርንፉድ ይሻል ነበር ይሉ ነበር። ልጅቷ ያኔ አልገባትም። አሁን ቁጥር 10ን ስታነብ፣ የአባታቸውን ቅርንፉድ ማን ይለቅመው እንደነበር መጠየቅ ነበረብኝ ብላ ጻፈች። ፈርታም ነው፤ ወደዋትም ነው፤ ሲታመሙ እሷ ነበረች የምታጥባቸው።

ቁጥር 18 ወዲያው ዘሎ ገባ። አንቺም ያው ነሽ፣ ዘመናዊ ባሪያ ነበርሽ አላት። ደግ ነገር የተናገረ መስሎታል። ቁጥር 19 ራሷ መለሰች፣ ቁጣዋ ከፊደሉ ይታያል። እኔ ውል ፈርሜ ሄጃለሁ፣ ደሞዝ ልኬ ወንድሞቼን አስተምሬያለሁ፣ ተመልሼም ቤቴ ገብቻለሁ፤ የተሸጡት አልተመለሱም አለች። ፓስፖርቷ ስድስቱንም ዓመት ሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነበር። በሩ ከውጭ የተቆለፈበት ቀንም ነበር። ያን አልካደችም። ስሙን ግን ሌላ ሰው እንዲያወጣላት አልፈለገችም። ቁጥር 18 ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

21 ላይ ነው ነገሩ የገነፈለው። አንድ ወንድማችን እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ የለንበትም አለ። ያልተገዛን ሕዝብ ነን፣ ይሄ የሌሎች ሐዘን ነው፣ ሄደን ማልቀሳችን ራሱ ማስመሰል ነው። አጻጻፉ ጨዋ ነበር፤ ለዚያ ይሆናል ብዙ ላይክ ያገኘው።

የቁጥር 22 መልስ ከደቡብ አፍሪካ መጣ። ምሥራቃዊ ኬፕ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ልጅ ነው። እሱ ካለበት ሩቅ ያልሆነ ላቭዴል የሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዳለ ነገረን። በሴፕቴምበር 1888 ኦስፕሬይ የሚባል የእንግሊዝ ጦር መርከብ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለችው ከታጁራ አካባቢ ተነስተው ቀይ ባሕርን የሚያቋርጡ ሸራ ጀልባዎችን ያዘ። ውስጣቸው ከ200 የሚበልጡ ኦሮሞዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጆች። የመን ወዳለችው ወደብ ወደ ኤደን ወሰዷቸው። ከነዚህና በኋላ ከተያዙት መካከል 64ቱ በ1890 ላቭዴል ገቡ። እያንዳንዱ ልጅ ከየት ቀዬ እንደተነጠቀ፣ በስንት እጅ እየተሸጠ ባሕር እንደደረሰ ሚሲዮኖቹ ጠይቀው መዝግበዋል። ቢሾ ጃርሳ የምትባል አንዲት ልጅ አድጋ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ተዳረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከማንዴላ ጋር ሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው ሰው ነው። ባለሱቁ ይህን ካለ በኋላ ለቁጥር 21 አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጠ፦ ቢሾ የማን ልጅ ናት?

ቁጥር 23 (ያው 21 ነው) ነጋዴዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ ሲል ተከላከለ። ቁጥር 24 አላሳለፈችውም። አሊዩ አምባን ጠቀሰች፤ ከአንኮበር እጅግ ሩቅ አይደለም፣ ወደ ታጁራ የሚወርደው ቅፍለት መነሻ ነበር። እዚያ ሰው ይሸጥ ነበር፣ ቀረጥም ይከፈል ነበር። ቀራጩ የማን ሰው ነበር ብላ ጠየቀች። አገራችን የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ ያኔ ዋናው መከራከሪያ ይኸው የባርነት ጉዳይ ነበር። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ዛንዚባር ገበያዋን ከዘጋች ከ69 ዓመት በኋላ። ስሌቱን የሠራችው እሷ ናት። ሄጄ ቆጠርኩት፣ ትክክል ነው።

ጋሼም እዚህ ላይ ተመለሱ፣ ቁጥር 25። የሱልጣን ሰይድ ልጅ ልዕልት ሳልሜ፣ በኋላ ጀርመናዊ አግብታ ኤሚሊ ሩቴ የተባለችው፣ በ1886 ባሳተመችው ትዝታዋ ስለ አባቷ ቤተ መንግሥት ሴቶች ስትጽፍ ከካውካሰስ ከመጡት ከሰርካሲያኖቹ ጎን አበሻ ሴቶችን ትጠቅሳለች። ስለዚህ ዛንዚባር ላይ አልነበርንም ማለት አይቻልም አሉ። ነበርን፣ ከእልፍኙ ጀርባ።

26 እና 27 የሉም። አድሚኑ አጥፍቷቸዋል። ብሔር ተጠቅሶ ስድብ ነበር፤ ሳይጠፉ አንብቤያቸው ነበር፣ ባላነብ ይሻለኝ ነበር።

ቁጥር 28ን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የጻፉት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም የለውም፣ ባንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው። ያደጉበት ግቢ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። አባታቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ እኚህን እናትም አዝለዋል። ሁሉም በስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ እማማ ያላቸው የለም። የሚበሉት ለብቻቸው፣ ከማዕድ ቤት ነበር። አንድ ቀን፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው ይላሉ፣ ተናድጄ ያችን ቃል ጠራኋቸው። ከየት እንደተማርኳት አላውቅም። ሴትዮዋ ምንም አላሉም፤ ወጡን ማማሰል ቀጠሉ። እናቴም ሰምታለች፣ አልተቆጣችኝም። ያልተቆጣችኝ ነገር እስከ ዛሬ ያስለቅሰኛል አሉ። ቃሏን አልጻፏትም። ሁላችንም አወቅናት። ዛሬም ሰፈር ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ በጥቁረቱ ሰው ሲቀለድበት የምንሰማት ናት።

ሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። ከዚያ ቁጥር 29 መጥቶ ፎሮዳኒ በሚባለው የስቶን ታውን ባሕር ዳር መናፈሻ ማታ ማታ የሚጠበሰው የዛንዚባር ፒዛ እውነት ፒዛ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አይደለም። በቀጭኑ የተዘረጋ ሊጥ ውስጥ ሥጋና ዕንቁላል ታጥፎ የሚጠበስ ነው። እኔው ነኝ የመለስኩለት፤ እውነት ለመናገር ስለመጣ አመሰገንኩት።

30 ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ታጁራ የሚለውን ስም አይቶ ነው የቆመው። ወደ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ታጁራም ዕቃ አድርሶ ያውቃል፣ በ2017 አዲስ ወደብ ተከፍቶበታል። ነጫጭ ቤቶች፣ ብዙ መስጊድ፣ ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ጸጥ ያለ ባሕር። ዓሣው አይጠገብም። ባለሱቁ ያለውን ካነበበ በኋላ በሄደበት ጊዜ ምልክት ፈለገ። ሐውልት፣ ሰሌዳ፣ የሚያስጎበኝ ሰው። አላገኘም። ሻይ የጠጣበትን ሰው ሲጠይቀው ሰውዬው ወሬውን ወደ ጫት ቀየረው። ሹፌሩ አልፈረደበትም። እኔም አሊዩ አምባ ሰው ቢጠይቀኝ ወሬ እቀይር ነበር አለ፤ ደብረ ብርሃን ነው የተወለደው።

ከ31 እስከ 34 ስለ ባጋሞዮ ነው። ባጋሞዮ ከዛንዚባር ትይዩ ዋናው መሬት ላይ ያለች አሮጌ ከተማ ናት፤ የመሃል አገር ቅፍለት ባሕር የሚገናኘው እዚያ ነበር። የእንግሊዛዊውን አሳሽ የሊቪንግስተንን አስከሬን አገልጋዮቹ ቹማና ሱሲ ከዛሬዋ ዛምቢያ ተሸክመው በ1874 ያደረሱት እዚያ ነው። ጀርመኖች ምሥራቅ አፍሪካን ሲይዙ መጀመሪያ መዲናቸው አደረጓት። ቁጥር 31 የከተማዋ ስም ልብህን እዚህ ጣል ማለት ነው፤ ባሪያዎቹ አገራቸውን ዳግም እንደማያዩ ሲያውቁ ያሉት ነው ብላ በሐዘን ጻፈች። ጋሼ (ቁጥር 32) በእርጋታ ሌላም ትርጉም እንዳለው ነገሯት። የዝሆን ጥርስ ተሸክመው ወራት ተጉዘው የሚመጡት ብዙዎቹ ደሞዝተኛ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ ለነሱ ባጋሞዮ ሸክም የሚወርድበት፣ ልብ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ቁጥር 33 ተበሳጨ። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሐዘን አይወዱም እንዴ? ምድር ቤቱንም አፈረሱብን፣ ስሙንም አፈረሱብን አላቸው። ጋሼ የመለሱት በአንድ መስመር ነው፤ የተሸጡት ሰዎች የኛ ማጋነን አያስፈልጋቸውም ብለው ወጡ። ለሁለት ቀን ተቀይመው ነበር መሰለኝ።

የወደድኩት ቁጥር 35ን ነው። ጎንደር የሚሠራ አስጎብኚ ነው። ክሩን ሁሉ አንብቦ፣ ስለኛ ስለ አስጎብኚዎች ማንም ደግ አላሰበም ብሎ ጀመረ። እኔም ዕቃ ቤት የነበረውን የእንትና እልፍኝ ነው ብዬ አውቃለሁ አለ። መጀመሪያ ልኩን ይነግር ነበር፤ ይሆናል፣ አይታወቅም፣ ይከራከሩበታል እያለ። እንግዶቹ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። ንጉሡ እዚህ ቆመው አለቀሱ ሲል ግን ሁሉም ቀና ይላል፤ ጉርሻውም ያው በዚያው ልክ ነው። እና የዛንዚባሩ ልጅ ስለ ቅርንፉድ እርሻ፣ ስለ ብድርና ወለድ፣ ፍርድ ቤት ስላመለከቱ ሴቶች ቢነግራችሁ ትሰሙት ነበር? ጓዳ ነው የፈለጋችሁት፣ ጓዳ ሰጣችሁ። ከዚያ ግን ራሱን አላዳነም። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ፣ የአሥር ዓመት ቢሆን ነው፣ ንጉሡ እዚህ ማልቀሳቸውን ማን አየ ብሎ ጠየቀው። መልስ አልነበረውም። አሁን ቦታው ላይ ሲደርስ ፈጠን ብሎ ያልፋል።

ቁጥር 36 ውሸታም ነህ አለችው። ቁጥር 37 ቢያንስ ያመነ ውሸታም ነው አለ። 38 ላይ ጋሼ ኩርፊያቸው ለቆ ተመለሱ። በ1883 ሱልጣን ባርጋሽ ያሠሩት፣ ባሕሩን የሚያየው ትልቁ የድንቅ ቤት በ2020 በፈረንጆች ገና ዕለት ከፊሉ ተደርምሶ ሁለት ሰው መሞቱን አስታወሱ። ከተማዋ ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ብትሆንም ቤቶቿ እየፈረሱ ነው። የባሪያና የዝሆን ጥርስ ነጋዴው የቲፑ ቲፕ ቤትም በሩ ያማረ ነው፣ ውስጡ ግን ብዙ ቤተሰብ ተዳብሎ ይኖርበታል፤ ልብስ ተሰጥቶበታል። እኛም በፊቱ አልፈናል። ፎቶ ያነሳሁት በሩን ነው።

39 እና 40 ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ እዚያ ስለመወለዱ ነው። በ1946፣ አዎ።

41 ላይ እህቴ ገባች። ክሩን የላከላት ሌላ ሰው ነው፤ እኔ አልነገርኳትም ነበር። በመጀመሪያ ስለ እንባዋ 40 ሰው ሲከራከር በመክረሙ አመሰገነች፤ ምጸት ነው። ከዚያ አረመችኝ። ምድር ቤቱ ውስጥ አላለቀስኩም አለች። ያለቀስኩት ውጭ ነው፣ ግቢው ውስጥ፣ ጉድጓዱ ጋ። አንዲት ስዊድናዊት ቀራፂ፣ ክላራ ሶርናስ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሠራችው ሐውልት አለ። አምስት ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ቆመው አንገታቸው በሰንሰለት ተያይዟል። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆመህ ቁልቁል ነው የምታያቸው። እህቴ ያለቀሰችው ሐውልቱን አይታ እንኳን አይደለም። አንድ ሰው ልጁን ጫፉ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ሲያነሳ፣ ልጅየው ፈገግ በል ሲባል እምቢ አለ። ስለዚያ ልጅ ነው አለች። እኔ ያኔ ውሃ ልገዛ ሄጄ ነበር።

ስልኬን ከፍቼ ፎቶዎቹን አየሁ። ምድር ቤቱ ውስጥ ያነሳኋት አለች። በነጠላዋ ፊቷን ስትጠርግ ነው። ፎቶውን ሳጎላው ግንባሯ ላይ ያለው ላብ ነው። 42 ላይ ይህንኑ ጻፍኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኳት።

ቁጥር 43 ቪዛው ኦንላይን ይሁን ወይስ ሲደርሱ ነው የሚሰጠው ብሎ ጠይቋል። የሚያውቅ ካለ ይመልስለት።